ከነሐሱ መስመር ወዲህና ወዲያ፦ የአቶ ዩሪያል ጊተንስ የሕይወት ታሪክ

ይህን ታሪክ እንድጽፍ ቤተሰቡ ያዘዘኝ እኔን ጎረቤታቸውን ፐርሊንን ነው። የአቶ ዩሪያልን የልጅነት ነገር ልጠይቃቸው ብዬ የሟችን ታናሽ ወንድም አቶ ዳልተንን በሃርዌል ክሮስ ጣቢያ ትልቁ ሰዓት ሥር ቀጠርኳቸው። ጣቢያው ግን ትልቅ ሰዓት ላይም አለው፣ ታችም አለው። እኔ በምድር ውስጡ ባቡር በኩል ቆሜ ቀሩብኝ እላለሁ፤ እሳቸው ላይ በዋናው ባቡር በኩል ቆመው እኔን ያማሉ። ሁለታችንም ተስፋ ቆርጠን ስንመለስ ደረጃው ላይ ተገጣጠምን። አቶ ዩሪያል ይህን ቢሰሙ ሳምንት ሙሉ ይነዘንዙን ነበር። አሁን የሚነዘንዘን የለም።

አቶ ዩሪያል ጊተንስ ከአባታቸው ከአቶ ሴንትክሌር ጊተንስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢዩላሊ ብራትዌይት እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 1947 በባርቤዶስ፣ በሴንት ሉሲ አጥቢያ ተወለዱ። በአጥቢያው ትምህርት ቤት የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀዋል። ከዚያ በላይ ያልገፉት የአገዳው ሥራ ስለጠራቸው እንደሆነ ሲናገሩ ኖረዋል፤ አቶ ዳልተን ግን የጠራቸው ክሪኬት ነው ይላሉ።

በ1966 ወደ ለንደን መጥተው በሃርዌል ክሮስ የምድር ውስጥ ባቡር ሠራተኛ ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድማቸውን አስመጥተው እዚያው ጣቢያ፣ ላይ በዋናው ባቡር በኩል በትኬት ተቆጣጣሪነት አስቀጠሯቸው። የአቶ ዩሪያል ቦታ ተንቀሳቃሹ ደረጃ የሚያልቅበት ነበር። ከላይ የሚወርደውም ወደ ላይ የሚወጣውም ሕዝብ እሳቸው ፊት ይተራመሳል፤ እሳቸው ያስተካክሉታል። በዚያ ደረጃ የሚቆም በቀኝ፣ የሚቸኩል በግራ ነውና፣ በቀኝ ያልቆመ ሰው አይወዱም ነበር። በልጃቸው ሠርግ ላይ እንኳ በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሽማግሌዎችን ወደ ቀኝ ሲያስጠጉ አይተናል።

በ1971 ከወይዘሮ ቨርኒስ ሆልደር ጋር ትዳር መሥርተው ማርሲያንና ግሌንሮይን አፍርተዋል። ወይዘሮ ቨርኒስ ያን ጊዜ በላይኛው ጣቢያ ሻይ ቤት ይሠሩ ነበር። ላዩንና ታቹን በሚያገናኘው መተላለፊያ ወለል ላይ የተቀበረች የነሐስ መስመር አለች፤ ከእሷ ወዲህ የታች ሰዎች፣ ከእሷ ወዲያ የላይ ሰዎች ነው። ጠራጊው እንኳ እሷ ላይ ሲደርስ መጥረጊያውን ይመልሳል። አቶ ዩሪያል ያችን መስመር በቀን ስንት ጊዜ ለሻይ እንደተሻገሩ ሲነሣ ይቆጡ ነበር። ሻይ አይወዱም።

የሚቀጥለውን እንድጽፍ ያዘዙኝ ወይዘሮ ቨርኒስ ናቸው። በ1982 ጥር የላይ ሠራተኞች አድማ መትተው በጣቢያው ዋና በር ላይ ቆሙ። የታቾቹ አላደሙም። እንዲህ ሲሆን የታች ሰው የቆሙትን ሰዎች አቋርጦ አይገባም፤ ዞሮ በጎን በር ይገባል፣ ማንም አይቀየመውም። አቶ ዩሪያል ግን በዚያ ብርድ ወንድማቸው በቆሙበት በር፣ በወንድማቸው ፊት ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አልተነጋገሩም። ባቡሩ የጠፋበት መንገደኛ ሲመጣ አቶ ዩሪያል “ላይ ያለውን ሰውዬ ጠይቅ” ይሉታል። አቶ ዳልተንም “ታች ያለው ሰውዬ ይነግርሃል” ይላሉ። በዚህ ዓይነት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሰው ሲላላኩ ኖሩ።

አቶ ዩሪያል በ2009 ጡረታ ወጡ። ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሆስፒታልና በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2023 በ76 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከዚያ ወዲህ በቤቱ የሚደረገው ሁሉ ይደረጋል። ሳህን ይታጠባል፣ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። የሚያለቅስ እስካሁን አላየሁም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። ብዙ ሰው ወደ መንገዱ መርተዋልና፣ እግዚአብሔር የእሳቸውን ነፍስ ወደ ዕረፍቷ ይምራልን።

አስከሬናቸውን የሚሸከሙት ስድስት ሰዎች ስም ከዚህ ወረቀት ጀርባ ታትሟል። ስድስተኛው መስመር ባዶ ነው፤ ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከጣቢያው አቶ ዳልተንን ይዤ ወይዘሮ ቨርኒስ ወጥ ቤት ገባሁ። ወይዘሮ ቨርኒስ፣ ባለቤታቸው ከሁሉም በፊት ወንድማቸው እንዲሸከሟቸው አደራ ብለው እንደሞቱ ነገሯቸው። አቶ ዳልተን ኮታቸውን ሳያወልቁ ቆመው ሰሙ።

“በእኔ በር አልፎ የገባ ሰው ነው” አሉ።

“ሾርባ ይዞልህ ነበር” አሉ ወይዘሮ ቨርኒስ። “ብርዱን አይቼ እኔ ነኝ በፔርሙዝ የሞላሁለት። ሊሰጥህ ነው ወደ በሩ የመጣው። ገና ከሩቅ ስታየው ጀርባህን አዞርክበት። ያ ሁሉ ሰው እያየው የት ይግባ? ቀጥ ብሎ ገባ። ማታ ፔርሙዙን እንደሞላ አመጣው።”

“ለምን አልነገረኝም?”

“አንተ ለምን አልጠየቅከውም?”

አቶ ዳልተን ጠረጴዛው ላይ ያለውን የጨው ዕቃ ወደዚያ ገፉት፣ መልሰው ወደዚህ ሳቡት። እኔ አታሚው እየጠበቀ ነው፣ ስምዎን ልጻፍ ወይስ ልተወው ብዬ ጠየቅኩ። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታውቁት የፊት በርና የጎን በር አለው። አቶ ዳልተን ወደ ወይዘሮ ቨርኒስ ዞረው፦

“ወንድሜን በየትኛው በር ነው የምታወጡት?” አሉ።