የእሜቴ አሸዋ

ዛሬ ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እኔ በአራዊት ማቆያው ሠላሳ ስምንት ዓመት ዝሆን የጠበቅሁት ሽማግሌ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳይጎተጉተኝ፣ ይህን ቃል ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ሰጥቻለሁ። ልቤ ደክሟል። ምላሴ እንዳልደከመ ግን ከማለዳ ጀምሮ የተቀመጡት ምስክሮች ያውቁታል።

አንደኛ፦ ቤቴን ለታላቁ ልጄ አውርሻለሁ። መካኒክ ሆኖ ሳለ ሲጥ ሲጥ የሚለውን የቤቴን በር ለሃያ ዓመት ሰምቶ እንዳልሰማ አልፎታል። እንግዲህ በሩ የራሱ ነው፤ ጆሮው ይከፈትለት ይሆናል።

ሁለተኛ፦ ሬዲዮኔን ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊዋ። «ኧረ ድምፁን ቀንሱልኝ!» እያለች ግድግዳ ስትደበድብ ኖራለች፤ አሁን እንደ ልቧ ትቀንሰው። ደግ ሴት ናት፣ ሾርባዋንም አልረሳም።

ሦስተኛ፦ አካፋዬን ለተተኪዬ። እሜቴ የምንላት ዝሆን ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። የመንጋጋ ጥርሷ ስላለቀ ሣሯ በደቃቁ ካልተከተፈ አይወርድላትም። መሬት ላይ ከተኛች መነሣት ስለሚያቅታት፣ ተደግፋ የምታሸልብበት የአሸዋ ክምር በየጠዋቱ በአካፋ ይስተካከላል። «ወገቤን አመመኝ» የሚል ሰበብ አልቀበልም፤ እኔም ወገብ ነበረኝ።

አራተኛ፦ ይህ ለታናሿ ልጄ፣ ለማቆያው የእንስሳት ሐኪም ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያረጀውን አንበሳ «አባዬ፣ ይብቃው፣ እየተሠቃየ ነው» ብላ በመርፌ አሳረፈችው። እልህ ምላጭ ያስውጣል እንዲሉ፣ አራት ወር አኮረፍኳት። አምና እሜቴ ማነከስ ስትጀምር ያ መርፌ ታየኝና ማነከሷን ደበቅሁ። ልጄ ለምርመራ በምትመጣበት ሰዓት ለስላሳው አሸዋ ላይ ብቻ አስኬዳት ነበር፤ እዚያ ላይ ቀስ ስትል ማነከሷ አይለይም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረግሁ።

ልጄ ግን አንድ ቀን ዝሆኗን ትታ አጎንብሳ ዱካዋን አየች። የዝሆኗ የግራ የፊት እግር፣ ክብደቷን ስለማትጥልበት፣ ከሌሎቹ ይልቅ ትንሽ ብቻ ነበር የሰመጠው። «አባዬ፣ ሕመሟን ከእኔ ነው የደበቅኸው?» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ያ ነው ያቃጠለኝ። ከጥፍሯ ሥር መግል ቋጥሮ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ ያደግሁ ሰው፣ የምወዳትን ዝሆን በገዛ እጄ አሠቃየኋት።

ልጄ ቁስሉን አጸዳች፤ በሞቀ የጨው ውኃ እየዘፈዘፈች አከመችው። በዐሥረኛው ቀን እሜቴ ገንዳዋ ውስጥ ገብታ ሊጎበኟት የመጡትን ሥራ አስኪያጅ ከነከረባታቸው አጠበቻቸው። እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም፤ ዛሬም ሳስበው ሕመሜን ያስረሳኛል።

ልጄ ሆይ፣ በድዬሻለሁና ይቅር በይኝ። እሜቴ የእኔ ንብረት እንዳልሆነች ለመናገር ከምስክሮቹ አንዱ፣ የማቆያው የበር ጥበቃ፣ አፉን ከፍቷል፤ ዝጋው ወንድሜ፣ አውቃለሁ። የማወርስሽ ስለ እሷ የነበረኝን ክርክር ነው፤ ከእንግዲህ ፍርዱ የአንቺ ነው። የእሜቴ የማረፊያ ቀን ሲደርስ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ያን ቀን «አባትሽ ቢኖር አይፈቅድም ነበር» የሚል ሰው ቢነሣ፣ ይህ ወረቀት ይነበብለት። ፈቅጃለሁ። እስከዚያው ግን ሣሯ ይከተፍ፣ እግሯ ይታይ፣ ማንም ጠባቂ ከልጄ ምንም አይደብቅ።

ቃሌ ይኸው ነው። ተነብቦልኝ ሰምቼ፣ ሁለት ቦታ አሳርሜ፣ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ምስክሮች፦ የማቆያው የበር ጥበቃ (ፊርማ)፤ የቀለብ ክፍል ኃላፊዋ (ፊርማ)፤ የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ (የጣት አሻራ)፤ ጡረተኛው መምህር፣ ይህን የጻፍኩ (ፊርማ)።

ከፊርማዎቹ በታች፣ በሐኪሟ እጅ የተጻፈ፦

አባዬ፣ አደራህን ተቀብያለሁ። እሜቴን ጠዋት መርምሬያት ነው የመጣሁት። አራቱም እግሯ እኩል ይሰምጣል።