አንዱን አይፒ አድራሻ ለሸነንም ለጊንጪም ለሰጡት ለኦቦ ዋቆ

ለተከበሩ ኦቦ ዋቆ ሞሲሳ
የገበሬዎች ዩኒየናችን የኔትወርክ ክፍል ኃላፊ
አምቦ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ አዲሱ ቢሮዎም እንደተስማማዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ቀድሞ አምቦ በአንድ ጠረጴዛ ስንሠራ «አንተ» እልዎት ነበር፤ ካለፈው ሰኔ ወዲህ ግን «እርስዎ» ማለቱ ይቀለኛል። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁትም፣ በሰው ፊት ስለተናገሩልኝ በሰው ፊት ላመሰግንዎት ብዬ ነው።

1. ትዕግሥት ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ እሠራበት የነበረው የሸነን ቅርንጫፍ ማዳበሪያ የሚያድለው አምቦ ካለው ዋና ኮምፒዩተር፣ ከሰርቨሩ ጋር፣ ቪፒኤን በሚሉት የግል የኢንተርኔት መስመር ተገናኝቶ ነው፤ ሰርቨሩም ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱን መለያ ቁጥር፣ አይፒ አድራሻ ይሰጣል፤ ሁለት ቅርንጫፍ በአንድ አድራሻ ከገባ አንዱ ሌላውን ያስወጣል። ግንኙነቱ ከሌለ ደረሰኝ አይታተምም፤ ያለ ደረሰኝ ደግሞ መጋዘኑ አይከፈትም። ሰኔ እንደገባ የእኛ መስመር ገና ከመገናኘቱ ይቋረጥ ጀመር። ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪ አሉኝ፤ አደረግሁ። ገመዱን ቀይሪ አሉኝ፤ ቀየርሁ። ኮምፒዩተሩን ይዘሽ ነይ ሲሉኝም በሚኒባስ ጭኔ ላይ አቅፌ አምቦ ድረስ አመጣሁልዎት። እርስዎ ቢሮ ከሰርቨሩ ጋር በቀጥታ ተያይዞ ደህና ሠራ፤ ሸነን ስመልሰው ያው ሆነ።

2. ምሥጢር ጠባቂ አድርገው ስለቆጠሩኝ አመሰግናለሁ። የጊንጪ ቅርንጫፏ ጃለኔ ደውላ «ማኅሌት፣ አንቺ ስትገቢ እኔ እወጣለሁ» ስትለኝ ወዲያው ደውዬ ነገርሁዎት። «የእኔ ስህተት ነው፤ ጊንጪን ስመዘግብ ያንቺን አድራሻ ደግሜ ሰጥቻታለሁ። አሁን ባስተካክለው ሥራ አስኪያጁ ያውቃል። የኃላፊነት ሹመቴ እስኪጸድቅ ታገሺኝ፣ እህቴ» አሉኝ። እሺ አልሁ። ከዚያ በኋላ እኔና ጃለኔ እየተደዋወልን፣ እሷ ጠዋት እኔ ከሰዓት እየተፈራረቅን ሠራን። ከሰዓት ደግሞ ሸነን አብዛኛውን ጊዜ መብራት የለም።

3. ገበሬውንም ትዕግሥት ስላስተማሩት በእሱ ስም አመሰግናለሁ። ኦቦ ኦልጅራ የሚባሉ ሽማግሌ አህዮቻቸውን ነድተው እየመጡ ባዷቸውን ይመለሱ ነበር። ዝናቡ ጀምሮ መሬታቸው ታርሶ ሲጠብቅ፣ እኔ «ሲስተም የለም» እያልሁ እመልሳቸው ነበር። አንድ ቀን ባርኔጣቸውን አውልቀው «ይህ ሲስተም የምትይው ሰው አምቦ ነው የሚኖረው? ስሙን ንገሪኝና ሄጄ ልለምነው» አሉኝ። ስሙን አውቅ ነበር፤ አልነገርኋቸውም። ስንዴያቸውን ያለ ማዳበሪያ ዘሩት።

4. ይህ ምስጋና ከሁሉ ይበልጣል። ገበሬው አቤት ብሎ አምቦ ለስብሰባ ስንጠራ፣ ስህተቱን ራስዎ ይናገራሉ ብዬ በሙሉ ልብ ከፊትዎ ተቀመጥሁ። ተነሡና «ሰርቨሩ ምንም እንከን የለበትም፤ የሸነኗ ሠራተኛ አጠቃቀሙን ስላልቻለች ነው» አሉ። አዳራሹን ሁሉ ሲያዩ እኔን ብቻ አላዩኝም። ጃለኔ ለመናገር እጇን ብታወጣ ሰዓት አልቋል ተባለች። እኔ ጭልሞ ደን አጠገብ ወዳለው መጋዘን ጆንያ ተረካቢ ሆኜ ተዛወርሁ። በዚያው ሳምንት ለሸነን የራሱን አድራሻ ሰጡት፤ መስመሩም ሳይቋረጥ ዋለ። ሪፖርትዎ ላይ «ሠራተኛዋ ስትነሣ ችግሩ ተፈታ» ብለው ጻፉ፤ ሹመትዎም ጸደቀ።

ተረካቢነቱን አልጠላሁትም፤ ወደ ሸነን መልሱኝም አልልም። የከፋኝ ሥራው አይደለም። ያን ቀን በስልክ «እህቴ» ሲሉኝ ማመኔ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፦ ሸነን ሲሄዱ ኦቦ ኦልጅራ ቤት ጎራ ብለው፣ ሊለምኑት የፈለጉት ሰው እርስዎ እንደሆኑ ይንገሯቸው። ሰው አክባሪ ናቸው፤ ተቀመጥ ይሉዎታል።

ለሹመትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሰርቨርዎ ዘላቂ ጤና እየተመኘሁ፣ ከማይሰረዝ አክብሮት ጋር፣

ማኅሌት እንግዳወርቅ
ከጭልሞው መጋዘን

ግልባጭ፦ ቆሞ ለማንበብ ጊዜ ላለው ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሸነን ላይ በእኔ ቦታ የተተካው ቃለአብ ትናንት ደውሎልኝ ነበር። መስመሩ እንደገና እየተቋረጠ መሆኑንና እርስዎም «ለሥራ አስኪያጁ ሳትነግር ጥቂት ታገሠኝ፣ ወንድሜ» እንዳሉት ነገረኝ። ምን ልበላቸው ቢለኝ፣ ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኝ በላቸው ብዬዋለሁ።