ለቦቃ የተቋጠረ ጨው

ይድረስ ለወንድሜ ለአንዳርጋቸው፣

የጣና ነፋስ ሐዋሳ ድረስ ቢዘልቅ ሰላምታዬን ባሸከምሁት ነበር። እንደምን ከረምህ? እኛ ደኅና ነን፤ ዝናቡም ጀምሯል።

አባታችን ጉልበታቸውን ሊታከሙ ከዱርቤቴ ባሕር ዳር መጥተው እኔ ዘንድ ናቸው። ለበሬያቸው ለቦቃ አንድ ቋጠሮ ጨው ይዘውለት መጡ። «አርሶ ያበላኝን በሬ ቢላ አይነካውም» ብለው እንደማሉ ታውቃለህ፤ አንተም «ጣና ዳር ሣር እየጋጠ ያርጅ» ብለህ ነው ከእጃቸው የወሰድኸው። ባለፈው ሰንበት በምርኩዛቸው ሐይቁ ዳር ወርደው፣ ከሚግጡት ከብቶች መሀል በስሙ ተጣሩ። እኔም ወደ ሐዋሳ ስትዛወር ያልኸኝን አመንሁና «ዘጌ ላለ ወዳጁ አደራ ሰጥቶታል» አልኋቸው።

አባታችን ሳቁብኝ። «ዘጌ እኮ ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ ውግዝ ነው፤ ምን በሬ ይገባል?» አሉኝ። ወዲያው ሳቃቸው ቆመ። «ያ ለፋሲካ የላከልን ሥጋ ከየት ነበር የገዛው?» ብለው ጠየቁኝ።

ከዚያ ወዲህ የቦቃን ስም አንሥተው አያውቁም። ጨዉም ራስጌያቸው እንደተቋጠረ ነው።

ያን ሥጋ የበሉ ዕለት ቆመው መርቀውህ ነበር። እንግዲህ ያን ምርቃት ይዘህ ደኅና ሁን።

እኅትህ የብርጓል