በገበያው ምሰሶ ላይ የነበረው ድምፅ

ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ ፲፮ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለልጄ ለበላይነህ፤

ጎንደርን ከከበቡት አርበኞች ጋር ሳለህ ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ አምላክ በጤና ያግኝህ። እኛስ ተርፈናል። ጣሊያን እዚህ እጁን ከሰጠ ሁለት ሳምንት አለፈው። እናትህ ዘነበች ዛሬ ጓሮዋን ስትኮተኩት ዋለች፤ እኔም ከታሰርኩበት ተፈትቼ ቤቴ ገብቻለሁ።

«ለጠላት ከሚያነብ፣ አባቴ ሞቷል በሉኝ» ብለህ በአክስትህ ልጅ በአያሌው የላክኸው ቃል ደርሶኛል። አልተቀየምኩህም። ነገሩን ግን ከእኔው አፍ ስማው።

አንተ ጫካ በገባህ በዓመቱ የጣሊያኑ ሻለቃ ገበያው መሀል ምሰሶ አቁሞ የቆርቆሮ አፍ ሰቀለበት። ከወታደሮቹ ሰፈር በሽቦ አገናኘውና ራዲዮ ነው አለን። ድምፁ የሚያምር አንባቢ ሲያፈላልግ እኔን ጠቆሙት። እምቢ አልኩ። አስተርጓሚው ይርጋ፣ ያ ድሮ ከእኔ ዘንድ ግዕዝ የተማረው፣ መሬት መሬት እያየ፣ «መሪጌታ፣ እምቢ ካሉ ተማሪዎቹን በትኜ ቤተ ክርስቲያኑን ለወታደር ማደሪያ አደርገዋለሁ ይላል» አለኝ። ተቀበልኩ።

በየገበያው ቀን አዋጃቸውን አነበብኩ። የተገደሉ አርበኞችን ስም ዝርዝር ሲሰጡኝ፣ ድምፄን ሳላሰማ መጀመሪያ ያንተን ስም እፈልግ ነበር። ሳጣው አማትባለሁ፤ ከዚያ የሌላውን ሰው ልጅ ስም አነብባለሁ።

ውሎ አድሮ የእብናቱ ጨው ነጋዴ ጌጡ መጣና፣ «መሪጌታ፣ አሞሌዬ መግባቱን ይንገሩልኝ» አለ። ሻለቃው ፈቀደ። ነገርኩለት፤ ጨውም በግማሽ ቀን አለቀ። ከዚያ ነጋዴው ሁሉ ተሰለፈ። የአንበሳሜ ገበያ በወንዝ ሙላት መቅረቱን፣ ከጉና ሥር የጠፋች በቅሎ መገኘቷን ሳይቀር ተናገርኩ። ምሰሶውን ሲያይ ይተፋ የነበረው ሰው ጆሮውን አቁሞ ያዳምጥ ጀመር። አልዋሽህም ልጄ፣ ደስ አለኝ። ለንስሐ አባቴም የተናዘዝኩት ይህንኑ ነው።

አምና በሚያዝያ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፦ ቅዳሜ ለወንዶች ሁሉ ጨው በነጻ ይታደላል፤ ያልመጣ ይቀጣል። ይርጋ ሲሰጠኝ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔም ወደ ሰፈሩ ስገባ ከመኪና የእግር ብረት ሲያራግፉ አይቻለሁ። ጨው የሚያድል ሰው እግር ብረት ምን ያደርግለታል?

አዋጁን እንዳለ አነበብኩ። ከዚያ መልክአ ማርያም የምደግም አስመስዬ፣ በዜማ፣ በግዕዝ፣ «ቅዳሜ ወንድ አይውረድ፤ እግር ብረት ነው የሚጠብቃችሁ» አልኩ። ገበያው ውስጥ ቄስና ደብተራ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

ሻለቃው ወደ ይርጋ ዞረ፦ «ምን አለ?»

ይርጋ አየኝ። እያንዳንዷን ቃል እንደሰማት አውቃለሁ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኛ።

«ጸሎት ነው፤ ልማዳቸው ነው» አለው።

ቅዳሜ ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ መጡ። ሻለቃው ተናደደ እንጂ ምክንያቱን አላወቀም።

አርበኞች ከተማዋን ሲይዙ እኔንም ይርጋንም አሰሩን። ትናንት የአርበኞቹ አለቃ ፊታውራሪ ሙላቴ ሸንጎ ተቀመጡ። አንዱ፣ «የጠላትን አዋጅ ያነበበ አፍ ይህ አይደለም ወይ?» ብሎ ጮኸ። ነው፤ አልካድኩም። ያኔ ከጉና የመጡ ቄስ ገብረኪዳን የሚባሉ ሰው በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ግዕዙን የሰማሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ሮጬ አርባ አባወራ ጉና ላይ አስቀርቻለሁ። እኚህን ሰው ብትነኩ አርባ ቤት ያዝንባችኋል!»

ፈቱኝ። እኔ ግን አልሄድኩም። ይርጋን ሊሰቅሉት ገመድ ተዘጋጅቶ ነበር። «ፊታውራሪ፣ ይህ ልጅ ብዙ በድሏል፤ አልሸሽግም። ግን ያን ቀን አንዲት ቃል ቢያወጣ እኔም አርባው አባወራም አልነበርንም» አልኩ። ፊታውራሪም ገመዱን አስነሥተው፣ «ለመሪጌታ ሰጥቻለሁ» አሉ። ይርጋ እግሬ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም አብሬው። ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬ ጠዋት ፀሐይ እስክትሞቅ ተኛሁ። እናትህ፣ «ሰው እንዳይቀሰቅስህ ብዬ ደጁን ስጠብቅ ነበር» አለችኝ።

አሁን ነጋዴዎቹ፣ «ራዲዮውን የሚያስነሣው ሞተርም ምሰሶውም አለ፤ ያንብቡልን» እያሉ ደጄን ያጣብባሉ። ፊታውራሪም ፈቅደዋል። እኔ ግን ልጄን ሳልጠይቅ አፌን አልከፍትም ብያለሁ። አንብብ ካልከኝ አነብባለሁ፤ ተው ካልከኝም እተዋለሁ።

የታቦር አምላክ ከጥይት ይጋርድህ። ጎንደር ነጻ ወጥታ ደጃችንን እንድትረግጥ ያብቃህ። መልስህን በሰው እጅ አትላክብኝ። ራስህ ና። እንደ ድሮው በጫካ ዙረህ፣ ጨለማ ለብሰህ አይደለም፤ በቀን፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየህ ና።

አባትህ
መሪጌታ መዝገቡ