ለወንድሜ እግር የተፈቀደ፣ ለእኔ ኩላሊት የተከለከለ

ለተከበሩ የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋናን ከመጠነኛ ቅናት ጋር ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት እገልጻለሁ። ይህን የምለው ለደብዳቤ ወግ ያህል አይደለም። ጤና በመሥሪያ ቤትዎ ዘንድ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ በራሴ ደርሶ ስላየሁት፣ እርስዎን፣ ቤተሰብዎንና በተለይም ከውጭ የማይታዩትን የውስጥ አካላትዎን ሁሉ ፈጣሪ አንድ በአንድ እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እመኛለሁ። የሚታዩት ቢታመሙብዎ እንኳ ግድ የለም፤ ለእነርሱ ደንብ አላችሁ።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። በሥነ ሕንጻ ትምህርት ክፍል የአምስተኛ፣ ማለትም የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። «ነበርኩ» እንድል ያደረጉኝ እርስዎ ስለሆኑ ቃሉን በአግባቡ መጠቀሜን ልብ ይበሉልኝ። በአንድ ዓመት የምበልጠው ወንድሜ የአራት ዓመት ትምህርት ስለመረጠ ሁለታችንም ዘንድሮ፣ በአንድ ቀን ልንመረቅ ነበር። እናታችን ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለት ልጅ በአንድ መርፌ ዩኒቨርሲቲ እንደማይገባ መሥሪያ ቤትዎ በጊዜው ተረድቶልን የትምህርት ክፍያችንን፣ የዶርም አልጋችንንና የካፌ ምግባችንን ሸፍኖልን ቆይቷል። ለዚህ ያለኝ ምስጋና የምር ነው፤ ቀሪዎቹን ምስጋናዎቼን ከዚህ ጋር እንዳያቀላቅሉብኝ አደራ እላለሁ።

ወንድሜን ሳያውቁት አይቀሩም፤ የዩኒቨርሲቲው ቡድን በረኛ ነው፣ ሰውም «በረኛው» ነው የሚለው። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ላይ እርሱ ኳስ ሊይዝ ተወርውሮ ከግቡ ብረት ጋር ተጋጨና የግራ ቅልጥሙ ተሰበረ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን የንድፍ ሥራዬን ተደፍቼ ስሠራ ጫማዬ ጠበበኝ፤ ቀጥሎ ቀለበቴ፣ ቀጥሎም ፊቴ። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቼ መቆጣታቸውን ነገረኝ። ሁለታችንም ሆስፒታል ተኛን፣ ሁለታችንም ትምህርትና ፈተና አለፈን፣ ሁለታችንም እናታችን ቤት ገብተን ከልብስ ስፌት መኪናዋ ግራና ቀኝ ባሉ ሁለት አልጋዎች ላይ ተጋደምን። በሁለታችን መካከል የነበረው ልዩነት የእርሱ ስብራት ከብርድ ልብሱ ወጥቶ መታየቱ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያስተማረኝ መሥሪያ ቤትዎ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ለወንድሜ ስላደረጉለት አቀባበል። ጓደኞቹ በትከሻቸው ተሸክመው ሦስት ፎቅ ሲያወጡት፣ ሠራተኞችዎ በር በሩን ከፍተው ሲያጨበጭቡለት፣ እርስዎም ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው «አይዞህ ጀግናው!» እንዳሉት በዝርዝር ሰምቻለሁ፤ ባልሰማ ነበር የሚገርመኝ፣ ምክንያቱም ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ሲያወራው ነው የከረመው። ድጋፉ እንዳይቋረጥ፣ ፈተናዎቹንም ዘግይቶ እንዲፈተን እዚያው ቆመው ፈቀዱለት። ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው ጄሶው ላይ ፈረሙለት። ያንን ፊርማ አውቀዋለሁ፤ ከጉልበቱ በታች፣ በሰማያዊ ቀለም፣ ጫፉ ወደ ላይ የተቆለመመ ነው። ጄሶው እስኪፈታ ድረስ ከአልጋዬ ትይዩ ሆኖ ሲያየኝና ሳየው ኖሬያለሁ። የእኔ ማመልከቻ ያላገኘው ፊርማ የወንድሜ ቅልጥም ላይ እንቅልፉን ሲለጥጥ ማየት፣ ክቡርነትዎ፣ ሆድ የሚያስብስ ነገር ነው።

ሁለተኛ፤ ለእኔም ስለተደረገልኝ ሙገሳ። ከሆስፒታል እንደወጣሁ የሐኪም ማስረጃዬን ይዤ መጣሁ። እብጠቱን የሚያስታግሰው መድኃኒት ፊትን የማሞላት ጠባይ ስላለው ጉንጮቼ ድቡልቡል ብለው ነበር። የመስኮቱ ባለሙያዎ ማስረጃዬን ከመግለጣቸው በፊት ቀና ብለው አዩኝና «ውይ፣ እንዴት አምሮብሻል! ዕረፍቱ ተስማምቶሻል» አሉኝ። አመሰገንኩ፤ ምን ልበል? ቀጥለው ደንቡ የሚፈቅደው «ለአካላዊ ጉዳት» መሆኑን፣ የማሳየው ጉዳት ካለም እንዳሳይ በትሕትና ጠየቁኝ። ኩላሊቶቼን በዕለቱ ይዣቸው የመጣሁ ቢሆንም አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጣቸው ስላልቻልኩ፣ ስሜ ፊት ለፊት «በራስ ፈቃድ ያቋረጠች» ተብሎ ተጻፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ድጋፌ ቆመ፤ በዶርም አልጋዬም ሌላ ልጅ ተተካችበት። ፈቃዴን ጠይቆኝ የማያውቀውን በሽታዬን በፈቃዴ ያመጣሁት አድርጋችሁ ስላከበራችሁኝ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ሥልጣን እንዳለኝ አላውቅም ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ አሳንሰሩ። «ለሠራተኞች ብቻ» ይላል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሮኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ባልኩበት ጊዜ ባዶውን ሲወጣና ሲወርድ አየሁት። ደህና ነው፤ ድምፁም አይረብሽም።

አራተኛውን ምስጋና ከማቅረቤ በፊት አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ እቀናለሁ። ደብዳቤዬ የፍትሕ ጥያቄ ብቻ ቢመስል ለእኔም ክብር ነበር፣ ነገር ግን እርስዎን ያህል ሰው አላታልልም። በገዛ ወንድሜ እግር ቅናት ይዞኝ ከርሟል። ጠያቂ ይመጣል፣ ቦታ ስለሚጠብ የእኔ አልጋ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ፊቱን ግን ወደ እርሱ አዙሮ ግቡ እንዴት እንደዳነ ይጠይቃል። እርሱም ይተርካል፤ በተረከ ቁጥር ኳሷ ትፈጥናለች፣ አጥቂው ይገዝፋል፣ ዝናብ ያልነበረበት ቀን ዝናብ ይጥልበታል። ጠያቂው ለመሄድ ሲነሳ እኔን ያስታውስና «አንቺስ? ወፈር ብለሻል፣ ጎሽ!» ይለኛል። ለበረኛው ብርቱካን፣ ለእኔ ጎሽ። ሐኪሙ ጨው ስለከለከለኝ እናቴ ለእኔ ለብቻ፣ ለእርሱ ለብቻ ታበስል ነበርና፣ እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ በጨዉ ሳይቀር ቀንቼበታለሁ። ሲያኝክ ድምፁ ራሱ ጨው ጨው ይለኝ ነበር።

ይባስ ብሎ ወንድሜ ክፉ ቢሆን በተገላገልኩ። ደግ ነው። የራሱን ምግብ ጨው አልባ አድርጊው ብሎ እናቴን ለምኖ ለሦስት ቀን አብሮኝ ሲበላ ፊቱ እንደ ኮሶ ጠጪ ተጨማደደ፤ በአራተኛው ቀን እኔው ራሴ ለምኜ አስተውኩት። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መቅናት ምን ያህል እንደሚያደክም ባያውቁት ይሻላል። ስለዚህ አራተኛው ምስጋናዬ ይኸው ነው፤ ሁለታችንን በአንድ ሚዛን አለመመዘናችሁ፣ በሰላም የኖርነውን እህትና ወንድም በአንድ ክፍል ውስጥ ባላንጣ ስላደረገን ምስጋናዬ ይድረስዎ።

አምስተኛው ረዘም ይላል፣ ይታገሡኝ። ባለፈው ወር ሐኪሜ ትምህርቴን ለመቀጠል ብቁ መሆኔን ጻፈልኝ። የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። ደረጃውን እንደገና ለመውጣት እግሬም ልቤም እምቢ ስላለኝ፣ ወንድሜ «ስጪኝ፣ እኔ አስጨርስልሻለሁ» ብሎ ፋይሌን ተቀበለኝ። እግሩ ድኖ መሮጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ግን የመሥሪያ ቤትዎን ጠባይ ስለሚያውቅ ከአልጋው ሥር አቧራ የጠጡ ክራንቾቹን አውጥቶ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሄደ። እውነትም ሰልፉ ተከፈተለት፣ ወንበር ተሳበለት፣ ውኃ ቀረበለት። የመስኮቱ ባለሙያዎ ፋይሉን ተቀበሉ፣ ክራንቹን አዩ፣ «አሁንም አልተሻለህም? እኔን!» አሉ፣ አንዲት ገጽ ሳይገልጡ የፈቃድ ደብዳቤ ጽፈው ማኅተም መቱ።

የተፈቀደው ድጋፍ በማን ስም እንደነበር እርስዎ ገምተዋል፤ እኛ ግን እቤት ገብተን፣ እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ እስክታነብልን ድረስ አልገባንም ነበር። በእኔ ማመልከቻ፣ በእኔ የሐኪም ማስረጃ፣ በእኔ ኩላሊት ወንድሜ ለመጪው ዓመት ሙሉ ድጋፍ ተፈቅዶለታል። በዚህ ወር መጨረሻ የሚመረቀው ወንድሜ የሚቀጥለው ዓመት አልጋና ምግብ አለው፤ የሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ያለባት እኔ ምንም የለኝም። በማግሥቱ ወንድሜ በሁለት ጤነኛ እግሩ ሮጦ መጥቶ ስሕተቱ እንዲታረም ቢለምን፣ ያለ ክራንች ማንነቱን የሚያውቅ አልተገኘም። በመጨረሻ «ድጋፍ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም» ተብሎ ተመለሰ። ከእኔ ወደ እርሱ ሲተላለፍ ግን እንደ ዓይን ጥቅሻ ነበር የፈጠነው፤ ለቅልጥፍናችሁ ምስጋና ይገባችኋል።

ቤታችን የሆነውንም ይስሙልኝ። ወንድሜ አንድ ምሽት ራት ላይ፣ አንዱን ፈተና ሆን ብሎ ሊወድቅ ማሰቡን ነገረን። እንዲህ ከሆነ ዓመቱን ይደግማል፣ ድጋፉ በእጁ ይቆያል፣ የካፌ ምግቡን ለሁለት እንካፈላለን፣ አልጋውንም እንደምንም።  እናቴ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ «በዚህ ቤት ከእንግዲህ ሆን ተብሎ የሚሰበር ነገር የለም፤ ብላ» አለችው። እርሱ አንገቱን ደፋ። እኔም አብሬ ደፋሁ፣ ነገር ግን በሐዘን እንዳይመስልዎ። የሚወድቀው ፈተና እንኳ ስላለው እየቀናሁ ነበር።

እናቴ ለየትኛውም ደንበኛ ያላሳየችው ጥቁር ጨርቅ ነበራት። ገና አራተኛ ዓመት ሳለሁ ከአንድ ጥቅል ሁለት የምረቃ ጋዋን ቆርጣ ሰፍታለች። የወንድሜ ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ትናንት ለብሶት መስታወት ፊት ሲቆም ትከሻው ላይ ልክ ብሎ ተቀመጠለት። የእኔን ሳብጥ አሰፋችው፣ ስከሳ አጠበበችው፣ አሁን በላስቲክ ተሸፍኖ ከስፌት ቤቷ በር ጀርባ ተንጠልጥሏል። የጋዋን ኪራይ የሚጠይቁ ተማሪዎች ሲመጡ ጣታቸውን ወደ እርሱ ሲቀስሩ «እርሱ ባለቤት አለው» ትላቸዋለች። ይህን ስትል ወደ እኔ አታይም። ባታይም ይሻለኛል።

የመጪው ዓመት ምዝገባ የሚዘጋው ወንድሜ በሚመረቅበት ሳምንት ነው። እስከዚያ ድረስ በድጋፍ ካልተመዘገብኩ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል፤ የአምስት ዓመቱ ትምህርቴ አራት ዓመት ላይ ቀርቶ፣ ቤት ሳይሆን ግማሽ ግድግዳ ይሆናል። የምለምንዎ ነገር ቀላል ነው። «በራስ ፈቃድ ያቋረጠች» የሚለው ተሰርዞ «በሕመም ያቋረጠች» ይባልልኝ፣ ለወንድሜ በስሕተት የተሰጠውም ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ፊርማዎ የግድ ወረቀት ላይ መሆን አለበት ካልተባለ፣ ክንዴን ይዤ ልመጣ እችላለሁ፤ ከእብጠቱ ወዲህ ቆዳው ተመልሶ ለስልሷል፣ ለመጻፍ ይመቻል።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ አሳንሰርዎም እንዳይበላሽብዎ እየተመኘሁ፣ ለታናሽነቴ በሚገባው አክብሮት ሁሉ ዝቅ ብዬ እሰናበትዎታለሁ። ዝቅ ስል ግራና ቀኝ ኩላሊቴን ስለሚያመኝ ትንሽ ቀና ብዬ ከሆነ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

የበረኛው እህት
(መሥሪያ ቤትዎ የሚያውቀኝ በዚህ ስለሆነ)

ግልባጭ፦
ለእናቴ ልብስ ስፌት ቤት፣ በር ላይ እንዲለጠፍ
ለቀኝና ለግራ ኩላሊቶቼ፣ እንዲያውቁት

ድኅረ ጽሑፍ፦ በምረቃው ዕለት እርስዎ መድረኩ ላይ ከክብር እንግዶች ጋር እንደሚቀመጡ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ስሙ ሲጠራ ክራንቾቹን ይዞ ይወጣል። አይደንግጡ፣ እግሩ ድኗል፤ እጅዎን ከመጨበጡ በፊት ለእርስዎ ሊያስረክባቸው ነው። ከደረጃው ሥር ያቁሙልን። የታመመው ነገሩ የማይታይ ተማሪ ሲመጣ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይውጣና እናንተ ዘንድ ሲደርስ በሽተኛ ይምሰል። ይህን ያሰበው እርሱ ራሱ ነው። አዳራሹ ሲያጨበጭብ እኔ ከእናቴ አጠገብ በተራ ልብስ ተቀምጬ እሆናለሁ፤ ጭብጨባውም ለእርሱ ይሆናል፣ በእርሱም እቀናለሁ።