ያልተበጠሰው ላስቲክ

ውድ ልጄ ፌኔት፣

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም፤ ራሴ ነኝ። በስልሳ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ መጀመሪያ የምጽፈው ጥፋቴን ሆነ። ይሁን።

ጥርስሽ ሽቦ የታሰረ ጊዜ፣ ሽቦው ላይ የሚወጠሩትን ትንንሽ ላስቲኮች ሳጥን ውስጥ ቆልፌ በየእሑዱ ብቻ አወጣልሽ ነበር።

«እማዬ፣ በየቀኑ ይቀየር ብሏል ሐኪሙ።»

«ተበጥሷል?»

«አልተበጠሰም።»

«እና ደህናውን ዕቃ ልትጥይ ነው?»

ከአራት ወር በኋላ ሐረር ሐኪሙ ዘንድ ስንመለስ ጥርስሽ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ «ላስቲኩን ታወልቂዋለሽ እንዴ?» ሲልሽ ዞር ብለሽ እኔን አየሽ። እኔ ግን አፌን ሞልቼ «እምቢተኛ ናት፣ ዶክተር!» አልኩት። እስከ ባቢሌ ድረስ መኪና ሙሉ ሰው እየሰማ ስሰድብሽ፣ አንቺ በመስኮት ውጭውን ታይ ነበር። ጅግጅጋ ገብቼም ለጎረቤት አዳረስኩት። በኋላ የላስቲኩን እሽግ ራስሽ መያዝ ስትጀምሪ ጥርስሽ ተስተካከለ፤ እኔም ስድቤ ሠራ ብዬ ኮራሁ።

ባለፈው ሳምንት ከጎረቤታችን ከፊርደውስ ጋር ጥርሷ ሽቦ የታሰረውን ልጇን ሳጋልን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ አዲስ ላስቲክ ስቦ ለቀቀ፤ ላስቲኩ ጣቱን ቆንጥጦ ተመለሰ። አንድ ቀን አፍ ውስጥ የዋለውን ሳበው፤ ልፍስፍስ ብሎ ሰፍቶ ቀረ።

«አይበጠስም እኮ፣ እማማ» አለኝ። «ጉልበቱ ነው የሚያልቀው። ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መላላት ይጀምራል። ጥርሱን ካልሳበ አፏ ውስጥ ቢቀመጥ ምን ይሠራል?»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ፊርደውስ «ምነው እናትአለም፣ አንቺንም ጥርስ አመመሽ?» ብላ ሳቀች። እዚያው ሁሉንም ነገርኳት።

«ወላሂ! እምቢተኛዋስ አንቺ ነሻ!»

ሳልለምናት ለሰፈሩ አወራችው። ያንቺ ስም ጸዳ፣ የእኔ ጠፋ። ብታምኚኝም ባታምኚኝም እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

አሁን ልትወልጂ ነው። «የምታርሰኝ አማቴ ናት፤ አንቺ ከመጣሽ በገዛ ቤቴ አዛዧ አንቺ ትሆኛለሽ» ስትይኝ ተቀይሜሽ ነበር። እውነትሽን ነው። አማትሽ ትረስሽ፤ እኔ የሕፃኑን ጨርቅ ልጠብ፣ ያዘዛችሁኝን ልሥራ። ነይ ካልሽኝ በማግስቱ ወደ አንቺ ወደ ድሬዳዋ እሳፈራለሁ። አይሆንም ካልሽም አልቀየምም። ውሸቴን ነው፣ እቀየማለሁ። ግን ሳልጠራ በርሽ ላይ አልቆምም።

እስክትጠሪኝ የምጠብቅ እናትሽ፣
እናትአለም
ጅግጅጋ፣ ሚያዝያ 2009 ዓ.ም.