የሰመረ ስለት

ኅዳር 3፣ ጧት
ውሃ መጣ። በርሜሉን ሞላሁ፣ አንሶላ ዘፈዘፍኩ። እትዬ አልማዝ፣ የሟቹ ባሌ የጌታሁን ታላቅ እህት፣ ሳትደውል ከጎፋ መጣች። ከስታለች። በረደኝ ብላ ቁም ሳጥኔን ራሷ ከፈተች። ጋቢ ስትፈልግ ዣንጥላውን አገኘች። ቀይ ከፋይ፣ ወርቃማ ዘርፍ። ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ቀድዳ ዘረጋችው። አየችኝ። አጥፋ መለሰችውና ሄደች።
ቁም ሳጥኑን ቆለፍኩት፣ ማስታወሻዬ።

ኅዳር 5
ጌታሁን ሲታመም አልጋው ሥር ተንበርክኬ ለሚካኤል ዣንጥላ ተሳልኩ። ዘመድ ሁሉ እንዲድን መስሎት አሜን አለ። ሞተ። ያልሰመረ ስለት አይገባም፤ ማንም አይጠይቅሽም። እኔ ግን ከአርባው በኋላ መርካቶ ሄጄ ገዛሁት። ሞኝ! ባሏ የሞተባት ሴት የስለት ዣንጥላ ምን ያደርግላታል? ገዝቼም ማስገባት አቃተኝ። ቤ/ክ ስለት ሲገባ እልል ይባላል። በምኔ ላይ እልል ይባልልኝ?

ኅዳር 7፣ ከሰዓት በኋላ
አሮጌውን መዝገበ ቃላት አወረድኩ። ስእለት። ሥሩ መለመን ነው ይላል። የለመኑት ሲሰጥ የሚከፍሉት፣ ካልተሰጠ የሚቀር። ልመናው ደግ ይሁን የሚል ፈለግሁ። የለም። ቀለል አለኝ። ወዲያው ደግሞ ከበደኝ።

ኅዳር 9
እትዬ አልማዝ ተመልሳ መጣች። በሩን ዘጋች።
«አንቺ ዝምተኛ! እኔም ያኔ እንዲድን በግ ተስዬ ነበር። የእኔ በግ ተናቀ፣ ያንቺ ዣንጥላ ተወደደ።»
ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳቀች። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል፤ በ14 ቀዶ ጥገና ትገባለች።
«ያንቺ አፍ ይሰማል፣ ምሁሯ። ለእኔም ተሳዪልኝ።»
ጌታሁን ሲደበድበኝ በሩን ከውጭ የምትይዘው እሷ ነበረች። ባልሽ ነው፣ ቻይው ትለኝ ነበር። ዛሬ ጉልበቴን ይዛ አለቀሰች። ደስ አለኝ። ልደብቅሽ አልችልም፣ ደስ አለኝ። እሺ እትዬ አልኳት።

ኅዳር 12፣ ረፋድ
ዣንጥላውን አስገባሁ። ከቤቴ፣ ከለቡ መብራት ኃይል ጀምሮ እትዬ አልማዝ አጠገቤ ነበረች፤ ታክሲ ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን ይዛዋለች። ስለት የሚቀበለው ዲያቆን ስለምን ነበር እናቴ አለኝ።  እሷ ቀደመችኝ።
«ቤቷ ሰላም እንዲያገኝ ነበር፣ ልጄ። አገኘ።»
እያየችኝ ነው ያለችው። በማይክ ተነገረ። ሴቱ እልል አለ። ከሁሉ አስበልጣ እልል ያለችው እሷ ናት። ወንድሟን አብረን የቀበርነው ዛሬ መሰለኝ።

ኅዳር 13
ደወለች። ድምፅዋ ቀጥኗል። ነገ በጧት ትገባለች። ተሳልሽልኝ ወይ አለች። አዎ አልኳት። ምን ብለሽ አላለችም። መረቀችኝ፣ ረጅም ምርቃት።
አልዋሸኋትም፤ ተንበርክኬ ነበር። እትዬ አልማዝን ማርልኝ ልል አፌን ከፈትኩ። በሩ ትዝ አለኝ። ስገፋው የማይከፈተው። ከወዲያ በኩል የምትተነፍሰው።
ዣንጥላ ነው የተሳልኩት፣ እንደ ድሮው። ለጌታሁን የተሳልኩበትን ቃል አልለወጥኩም፣ ስሙን ብቻ።